አንድ ካርቶን፣ ሁለት ሰዓት

(ስክሪን ላይ፦ የልጅ እጅ፣ ክብ ካርቶን፣ መቀስ)

አንድን ልጅ «ጠዋት ስንት ሰዓት ትነሣለህ?» ብላችሁ በአማርኛ ጠይቁት። «አንድ ሰዓት» ይላችኋል። ያንኑ በእንግሊዝኛ ጠይቁት። «ሰቨን» ይላል። ሁለቱም ልክ ነው። እንዴት ሁለቱም ልክ ሊሆን እንደቻለ ስትጠይቁት ግን ራሱን ማከክ ይጀምራል።

የዛሬው ቪዲዮ በሁለት ቋንቋ በሚማር ክፍል ውስጥ በእጅ ስለሚሠሩ ሥራዎች ነው። አማርኛና እንግሊዝኛን እንውሰድ። አዲስ አበባ ያለ ትምህርት ቤት ይሁን ዋሽንግተን ያለ የቅዳሜ ክፍል፣ ነገሩ ያው ነው።

መጀመሪያ አንድ ቅሬታ ላሰማ። ብዙ ጊዜ «ፕሮጀክት» የሚባለው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ፖስተር ነው። ላም፣ ካው። ዛፍ፣ ትሪ። ያምራል፤ ወላጅም ፎቶ ያነሣዋል። ልጁ ግን አንዱን ቃል በሌላው ከመተካት ያለፈ ነገር አላደረገም። እኔ የምመርጠው ሁለቱ ቋንቋዎች የሚጣሉበትን ቦታ ነው። ሰዓት ላይ በደንብ ይጣላሉ።

(ስክሪን ላይ፦ ካርቶኑ ላይ ከ1 እስከ 12 ይጻፋል)

የሚያስፈልገው ካርቶን፣ መቀስ፣ ሁለት ቀለምና መሃሉን የሚይዝ ስፒል ነው። መጀመሪያ ስሞክረው ውጭ አንድ የቁጥር ክብ፣ ውስጥ ደግሞ ሌላ የቁጥር ክብ አሠራኋቸው። ሃያ አራት ቁጥር! ልጆቹ ግራ ገባቸው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ግራ ገባኝ።

መፍትሔው ከዚያ ይቀላል። የቁጥሩ ክብ አንድ ብቻ ይሁን። ሰዓት ቆጣሪው ግን መሃል ላይ አይለቅ፤ በሌላው ወገንም ይቀጥል። አንዱን ጫፍ ቀይ፣ ሌላውን ሰማያዊ ቀቡት። ቀዩ 7 ላይ ሲሆን ሰማያዊው 1 ላይ ያርፋል። ቀዩ 9 ላይ ሲሆን ሰማያዊው 3 ላይ ነው። የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት 6 ሰዓት ነው፤ 6 ሰዓት ደግሞ የክቡ ግማሽ ነው። ልጁ መደመር መቀነስ ሳያስፈልገው ጣቱን ወደ ማዶ ይልካል፣ አለቀ።

ደቂቃ ቆጣሪው አንድ ጫፍ ብቻ ይበቃዋል፤ ደቂቃ ላይ ጠብ የለም። እዚህ ላይ «ለሦስት ሩብ ጉዳይ» የሚለው ይመጣል። ልጆቹ «ጉዳይ» ምን እንደሆነ ይጠይቃሉ። እስኪጠይቁ ጠብቁ፣ አትቸኩሉ። ለሦስት ሰዓት ሩብ ይጎድላል ማለት ነው። እንግሊዝኛውም «ኳርተር ቱ» ሲል እንደዚሁ ወደፊት ነው የሚያየው። ሲጣሉ የቆዩት ቋንቋዎች እዚህ ታረቁ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጠብ። «ሦስት ሰዓት ጠበቅኩህ» እና «ሦስት ሰዓት ላይ ጠበቅኩህ» አንድ አይደሉም። በአማርኛ «ሰዓት» ለሁለቱም ያገለግላል፤ ልዩነቱን የያዘችው «ላይ» ናት። እንግሊዝኛው ለየብቻ ቃል አለው፤ «አወርስ» እና «ኦክሎክ»። ይህን በሰሌዳ ብቻ ያስተማርኩ ጊዜ ሁሉም በጭንቅላቱ ነቀነቀልኝ፤ የገባው ግን አልነበረም። በእጁ የያዘውን ካርቶን ሦስት ቁጥር አሳልፎ ካዞረ በኋላ ግን ሦስት ሰዓት መቆየትና ሦስት ሰዓት ላይ መድረስ ይለይለታል።

(ስክሪን ላይ፦ የፀሐይ መውጫ፣ አዲስ አበባ)

«ለምን የኛ ከጠዋት ይጀምራል?» ማለታቸው አይቀርም። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ትወጣለች። ስለዚህ ቀኑን ከፀሐይ ጋር መጀመር ይመቻል። ዋሽንግተን ላይ በሰኔ 12 ሰዓት ሳይሞላ ትወጣለች፤ በጥር መጀመሪያ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ነው ብቅ የምትለው። ውጭ ያላችሁ ልጆቹን የወሩን የፀሐይ መውጫ ካርቶናቸው ላይ ምልክት እንዲያደርጉ ጠይቋቸው። የሳይንስ ክፍለ ጊዜው በዚያው ተሠራ።

(ስክሪን ላይ፦ ሁለት ጠርሙስ፣ ሁለት ፊኛ)

ሁለተኛው ሥራ ሊጥ ነው። በአንዱ ጠርሙስ ለብ ያለ ውሃ፣ ስኳርና የዳቦ እርሾ፣ በሌላው ቀጭን የጤፍ ሊጥ ከነእርሾው ይግባ። አፋቸው ላይ ፊኛ ይታሰር። የስኳሩ ፊኛ ቶሎ ይነፋል፤ ጤፉ ጊዜውን ይወስዳል። የሚነፋቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የእንጀራ ዓይን የሚባለውም ያው አየር እየፈነዳ የወጣበት ቀዳዳ ነው።

እዚህ እንግሊዝኛው ይቸገራል። እኛ ከሱቅ የሚገዛውንም፣ ካለፈው ሊጥ የተረፈውንም «እርሾ» እንላለን። «አብሲት» ሲባል ደግሞ ቃል ፍለጋው ባዶ ይቀራል፤ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ዙሪያ ጥምጥም ማስረዳት አለባቸው። ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ፣ በፈላ ውሃ ተበስሎ፣ ተመልሶ የሚጨመረው… ሲሉ እንግሊዝኛቸው ሲሠራ ታያላችሁ። የዚያን ቀን ክፍሉ ውስጥ አዋቂዋ እንግሊዝኛ የማትችለው አያት ናት። ጋብዟት። «እማማ፣ አብሲቱ መች ይጨመራል?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አማርኛውን የግድ ያወጣዋል።

አስተማሪዎች አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፤ በየትኛው ቋንቋ እንናገር? የኔ መልስ፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ወዲያው አትተርጉሙ። ልጁ ብልጥ ነው፤ የሚቀለው ቋንቋ እስኪመጣ ጆሮውን ዘግቶ ይጠብቃል። ማያሚ ያለው ኮራል ዌይ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1963 ከኩባ ለተሰደዱና ለአካባቢው ልጆች በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ሲጀምር ቀኑን ለሁለት ከፍሎ ነበር። እናንተም ጠርሙሱን በአማርኛ አዘጋጁ፣ የታየውን በእንግሊዝኛ መዝግቡ። በሚቀጥለው ሳምንት ገልብጡት።

(ስክሪን ላይ፦ በክር የተሰካ ቆርኪ)

የመጨረሻው ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ነው፤ የቆርኪ የዘመን መቁጠሪያ። ትልቅ ሰው ቆርኪውን በምስማር ይብሳ፣ ልጆቹ ክር ውስጥ ይስኩ። 30 ቆርኪ ያላቸው 12 ክሮች፣ 5 ቆርኪ ያላት አንዲት አጭር ክር። ጳጉሜ። አጭሯን ክር ለመሥራት ይጣላሉ፣ ተዘጋጁ። ከዚያ በእያንዳንዱ ቆርኪ ጀርባ የፈረንጁን ቀን ይጽፋሉ። መስከረም 1 ጀርባው ላይ ሴፕቴምበር 11 ይላል፤ አንዳንዴ 12። የልደት ቀኑን በሁለቱም ወገን ያገኘ ልጅ ሁለት ኬክ መጠየቁ አይቀርም።

ቆርኪ ማጠራቀም ዛሬ ጀምሩ፤ 365 ቀልድ አይደለም። 2019ን ለመሥራት ካሰባችሁ ደግሞ አንድ ጨምሩ። ጳጉሜ ያን ዓመት ስድስት ናት።