አንድ ሄክታር ደን ስንት ልብ አለው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (አንድ ካህን፣ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ)፦ የደብራችን ደን አንድ ሄክታር ያህል ነው። መጥረቢያ አልነካውም፤ ግን የቀሩት አሮጌ ዝግባና ወይራ ብቻ ናቸው። ከሥራቸው ችግኝ አይበቅልም። ምን ሆነብን?

መልስ፦ አባታችን፣ ደኑን ዳሩ እየበላው ነው። ከእርሻው በኩል የሚገባው ፀሐይና ደረቅ ነፋስ አፈሩን ያሞቃል፤ ከብቱም የሚገባው በዚያው ነው። የዝግባና የጥቁር እንጨት ችግኝ ደግሞ ጥላና እርጥበት ካላገኘ የመጀመሪያውን በጋ አያልፍም። ዳሩ ስንት ሜትር እንደዘለቀ ለማወቅ፣ በየካቲት ከጫፉ ተነሥተው በየ5 ሜትሩ የረገፈውን ቅጠል ገለጥ እያደረጉ አፈሩን ይዳስሱ። እርጥበት ከሚጀምርበት ወዲያ የደኑ ልብ ነው።

20 ሜትር አገኙ እንበል። የቤተ ክርስቲያን ደን መካከሉ ገላጣ ስለሆነ እንደ ቀለበት ነው፤ ዳሩም ሁለት ነው። ከመካከል እስከ ውጭ ጫፍ 60 ሜትር፣ ከዚያ ውስጥ 20ው ገላጣ ከሆነ፣ ደኑ አንድ ሄክታር ይመጣል። ከውጭ 20፣ ከውስጥ 20 ሲቀነስ ግን ምንም አይተርፍም፤ ደኑ በሙሉ ዳር ነው። የደኑን ዙሪያ የድንጋይ ካብ 15 ሜትር ወደ ውጭ ቢያወጡት የሚጨመረው መሬት 0.64 ሄክታር ብቻ ነው፤ ዛፉ ሲሞላ ግን 0.45 ሄክታር ያህል እርጥብ ልብ ይገኛል። ከምእመናኑ ጋር ስለ መሬት ሲመክሩ ይህን ስሌት ያሳዩልን።

ካቡ እስከ ደረት ይድረስ፣ በሩም ይዘጋ። በአዲሱ መሬት ላይ በሐምሌ መጀመሪያ ብሳናና ዋንዛ በ2.5 ሜትር ርቀት ይትከሉ። ዝግባውን ከሥራቸው የሚያስገቡት ጥላ ከጣሉ በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው ገላጣ ላይ ዝግባ ተክሎ የሚከስረው ለዚህ ነው። ባሕር ዛፍ ከካቡ አጠገብ አይኑር፤ ውኃውን ይሻማል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ዝግባ ወንድና ሴት ዛፉ ለየብቻ ነው። በሰፊ ደን አንድ ዛፍ ቢወድቅ ቦታውን የጎረቤቱ ዘር ይሞላዋል፤ በእናንተ ግን የወደቀችው የመጨረሻዋ ሴት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ፍሬ ከሌሎች አድባራትም፣ ከብዙ እናት ዛፎች ይሰብስቡ።

ጥያቄ (ከፋግታ ለኮማ፣ አዊ)፦ ለከሰል የተከልኩት የዲከረንስ ግራር በበሽታ እየደረቀ ነው። በአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) መሬቴ ላይ ሌላ ዛፍ ባሰባጥር ይድናል?

መልስ፦ እህታችን፣ ኪሳራዎን ይቀንሳል እንጂ በሽታውን አያቆመውም። ዝገት የሚባለውን ይህን በሽታ የሚያመጣው ፈንገስ ዘሩን በነፋስ ይልካል፤ ሩብ ሄክታር ለነፋስ ምኑም አይደለም። በሽታው የሚበረታው ጎጡ ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ሲተክል ነው። ስለዚህ ከአጎራባቾችዎ ጋር ተነጋግራችሁ አንዱ ቀርከሃ፣ ሌላው ግራቪሊያ ወይም ዋንዛ ይትከል፤ ዲከረንስ የሚቀጥለውም የመትከያውን ዓመት ያፈራርቅ። ክፉኛ የታመመውን የመቁረጫውን አምስተኛ ዓመት ሳይጠብቁ አሁኑኑ ቆርጠው ከሰል ያድርጉት። ችግኝ ከታመመ ቀበሌ አያምጡ።

ጥያቄ (ከጮቄ ሥር፣ ወጣቶች)፦ በቦረቦሩ ላይ የሠራነውን ክትር ጎርፍ ወሰደው።

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ጎርፉ የሚነሣው ከላይ ነው፤ እናንተ ግን ከታች ጀመራችሁ። መጀመሪያ ተፋሰሱን ከአናቱ ጀምራችሁ ከልሉት፣ እርከን ሥሩ፤ ከዚያ ክትሩን ወደ ታች ውረዱበት። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ይሁን፤ ቁልቁለቱ 10 በመቶ ከሆነ ለ1 ሜትር ክትር 10 ሜትር ርቀት ማለት ነው። ጎንና ጎኑ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወደ ግድግዳው ይቀበር፤ አለዚያ ውኃው ዞሮ ይሄዳል። መካከሉ ዝቅ ይበል፤ ውኃው የሚወድቅበትም ቦታ ድንጋይ ይነጠፍበት።