ከበሮው ይቅደም፣ ማሽኑ ይከተል

የተከበራችሁ የሙዚቃ መምህራን፣ አቀናባሪዎች፣ የድምፅ ባለሙያዎችና ዲጄዎች፤ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የምንናገረው ኤሌክትሮኒክ ቢትን ከሀገራችን ዜማ ጋር አዋህዶ ሰው የሚጨፍርበት ሙዚቃ ስለመሥራት ነው። ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ ቀድቷል፤ ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለምን ዞረ። አቀናባሪዎቹ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉም አዲስ አበባ ተቀምጠው የሠሩትን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» አሉት። በየስልኩ የሚዞረው አብዛኛው ሪሚክስ ግን አንድ የጋራ በሽታ አለበት፦ ቢቱ አስቀድሞ ያልቃል፣ ከዚያ ክራሩ እንደ ሚጥሚጣ ይነሰነስበታል።

ከምቱ እንጀምር። ችክችካ የሚባለው የጭፈራ ምት ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር እያለ ይሄዳል። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ሲከፈት የሚሰጣችሁ ግን አራት አራተኛ፣ እያንዳንዱ ምት ለአራት የተከፈለበት መስመር ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ይሁን። አንዱ ምት ግማሽ ሴኮንድ፣ ማለትም 500 ሚሊሴኮንድ ይወስዳል። የከበሮው አጭር ምት ሁለት ሦስተኛው ላይ፣ ማለትም 333ኛው ሚሊሴኮንድ አካባቢ ያርፋል። ማሽኑ በዚያ ቦታ መስመር የለውም፤ ያሉት 250 እና 375 ናቸው። ኳንታይዝ (ምትን ወደ መስመር የሚያስገባውን ትእዛዝ) ስትጫኑ ምቱን ወደሚቀርበው ወደ 375 ይጎትተዋል። 42 ሚሊሴኮንድ ዘገየ ማለት ነው። ለጆሮ ትንሽ ይመስላል፤ ትከሻ ግን ወዲያው ያውቀዋል፣ እስክስታው ያነክሳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። መስመሩን በሦስትዮሽ ክፈሉት፤ አንዱ ባር (አራት ምት) አሥራ ሁለት ክፍል ይኖረዋል፤ ኪኩን (የማሽኑን ወፍራም የከበሮ ድምፅ) 1፣ 4፣ 7 እና 10 ላይ አስቀምጡ። ዲጄው እንደለመደው አራት ኪክ ይቆጥራል፣ ከበሮ መቺውም ችክችካውን አያጣም። ከዚያም በኋላ ኳንታይዙን መቶ በመቶ አታድርጉት። ጎበዝ መቺ አጭሩን ምት ሂሳቡ ባለው ቦታ ላይ በትክክል አያሳርፈውም፤ እንደ አካባቢውና እንደ ስሜቱ ጥቂት ያስቀድመዋል ወይም ያዘገየዋል፤ ጣዕሙም እዚያው ላይ ነው። ከ40 እስከ 50 በመቶ ይበቃል፤ ሲሆን ሲሆን ከበሮውን ሳትነኩ ሃይ-ሃቱን (የማሽኑን የጸናጽል ድምፅ) ወደ ከበሮው አስጠጉት። የትግርኛ ምት ደግሞ ብዙ ጊዜ በአምስት ነው የሚቆጠረው፤ እሱን ወደ ስድስት ወይም ወደ አራት መጎተት ሌላ ሙዚቃ ማድረግ ነው።

ስትቀዱ ለመቺው የማሽን ክሊክ በጆሮው አትስጡት። አራት አራተኛ የሚቆጥር ክሊክ ችክችካ የሚመታን ሰው ያደናቅፋል። በምትኩ በዚያው ፍጥነት የተሠራ የከበሮ ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሰማ ቅጂ) አሰሙት። ፍጥነቱ ትንሽ ሲዋዥቅ በየባሩ መጀመሪያ ላይ ብቻ አስተካክሉ፤ በየምቱ ከሆነ ሕይወቱን ታወጡታላችሁ። ኤብልተን ላይቭ የተባለውን የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ለምትጠቀሙ፦ ለከበሮ «ቢትስ»፣ ለማሲንቆና ለዋሽንት «ቶንስ» የተባለውን የዋርፕ (የቅጂን ፍጥነት የመለወጫ) ዓይነት ምረጡ። ክራር «ኮምፕሌክስ» ላይ ሲገባ የጣቱ ምት ይደበዝዛል።

ወደ ቅኝት እንምጣ፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። መጀመሪያ ዋሽንቱን ስሙ፤ ምክንያቱም የክራር ክር ይጠብቃል፣ ይላላል፤ ዋሽንት ግን አንዴ ከተበሳ በኋላ ቅኝቱ እዚያው ነው። ነፊው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይንፋ፤ ቀዝቃዛ ዋሽንት ሲሞቅ ድምፁ ከፍ ይላል። ከዚያ ክራሩንና ማሲንቆውን በዋሽንቱ ቃኙ። ሲንተሳይዘሩ መጨረሻ ይመጣል፤ ዋሽንቱ ከ440 ሄርትዝ መለኪያው በ20 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) ከወረደ፣ የማሽኑን ማስተር ቲዩን (ጠቅላላ ቅኝት) በ20 ሴንት አውርዱ። ዋሽንቱን በኦቶቲዩን ማረም ምን እንደሚያደርግ ሰምታችሁታል፤ የፕላስቲክ ፉጨት።

ትዝታ ሜጀር ለአቀናባሪ ገር ነው፤ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፤ የፈለጋችሁትን ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ብትጭኑበት ብዙ አይቆጣም። ሁሉም ሰው ትዝታ ላይ የሚሰፍረው ለዚህ ይመስለናል። አንቺሆዬን እዩ፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። ጂ የለም። በማሽኑ የተዘጋጀ ባስ ወይም ፓድ (ከኋላ በረጅሙ የሚሰማ የሲንተሳይዘር ድምፅ) ግን ሲን ሲነካ ጂን አብሮ ይዞ ይመጣል። ያ ጂ ከዘፋኟ ጂ ፍላት ጋር በግማሽ ድምፅ ይጋጫል፤ ሰሚው «ዘፋኟ ሳተች» ይላል። ጥፋቱ የፓዱ ነው። አምባሰል ላይ ደግሞ ኢም ኢ ፍላትም የሉም፤ ሲ ላይ ሜጀርም ማይነርም ኮርድ ብትሰጡት ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ታስገቡበታላችሁ። ስለዚህ በእነዚህ ሁለት ቅኝቶች ኮርድ ተዉ፤ አንድ ድምፅ በረጅሙ ያዙ፣ ወይም ባሱ ዜማውን በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ይከተል። አንቺሆዬ በአዝማሪ እጅ ከፒያኖው ልክ እንደሚርቅም አትርሱ። ኤብልተን ላይቭ 12 የራሳችሁን ልክ እንድታስገቡ ይፈቅዳል፤ ማሲንቆውን በቲዩነር ለኩና ቁጥሩን ስጡት።

በገናን ለጭፈራ ቤት ባንወስደው እንወዳለን። ማሽኑ አይከለክልም፤ ቦታው ግን ጸሎት ነው።

ዝቅተኛው ድምፅ ላይ የኪኩና የከበሮው ትልቁ ፊት ይጣላሉ። አንዱን ንጉሥ አድርጉ። ኪኩን በዘፈኑ መነሻ ድምፅ ቃኙት፤ መነሻው ኤ ከሆነ 55 ሄርትዝ ማለት ነው። ከዚያ የከበሮውን ግርጌ በስፔክትረም ላይ ፈልጋችሁ ከርሱ በታች ያለውን ቁረጡ። ሁለቱ እኩል ሲመቱ ድምፁ ከመወፈር ይልቅ ከሳሳ፣ ሞገዳቸው እየተጠፋፋ ነው፤ የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጡና በሞኖ (ግራና ቀኙን አንድ አድርጋችሁ) አድምጡ። ብዙ ሰው በስልክ ነው የሚሰማው፤ የስልክ ስፒከር 55 ሄርትዝን አያወጣም። ባሱ ላይ ጥቂት ሳቹሬሽን (ድምፁን በጥቂቱ የሚያሻክር ማሻሻያ) ጨምሩ፤ 110 እና 165 ላይ የሚወጣው ድምፅ ለስልኩ ይበቃዋል።

ማሲንቆን ማይክ ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ይቅዳው፤ ሲጠጉት የጭራው ፍጭት ዜማውን ይበላዋል። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይቆይ።

የአዝማሪን ግጥም በስምንት ባር አትቀርጥፉት። ቤት መምቻው ላይ ሲደርስ ማሲንቆው ይመልሳል፤ ሰው ወርቁን የሚያገኘው በዚያች ክፍተት ነው። አምስት ባር ከሆነ አምስት፣ ሰባት ከሆነ ሰባት ይሁን። ለዲጄው መግቢያና መውጫው ላይ 16 ባር ንጹሕ ምት ስጡት፤ በ120 ፍጥነት 32 ሴኮንድ ነው፣ ለመቀላቀል ይበቃዋል።

አንድ የወረቀት ነገር። ዜማው የሕዝብ ነው ማለት ካሴቱም የሕዝብ ነው ማለት አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም ለቅጂው ባለቤትም መብት ይሰጣል። ከድሮ ካሴት ቆርጦ ከመውሰድ አዝማሪውን ጠርቶ መቅዳት ይሻላል፤ ዋጋውና የወደፊት ድርሻው ከመቅዳቱ በፊት ተጽፎ ይፈረም።

አሁን አንዱን የችክችካ ቅጂ ሁለት ጊዜ እናሰማችኋለን። የመጀመሪያው መቶ በመቶ ኳንታይዝ የተደረገው ነው፤ ሁለተኛው መቺው እንደመታው። እባካችሁ ወንበሩን ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ ቁሙ።