ጦሳን ተዉት
ለደሴ ተወላጆች ዓመታዊ ስብሰባ፣ አዲስ አበባ፣ የተዘጋጀ ንግግር

ክቡራን አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስብሰባውን በዱዓና በጸሎት ለከፈቱልን ሼሆችና ቀሳውስት ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ይህ ዓይነቱ አከፋፈት ሌላ ቦታ ሲደረግ ለካሜራ የተዘጋጀ ይመስላል፤ እኛ ዘንድ ግን ሠርጉም ሐዘኑም ሲከፈት የኖረው እንዲሁ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም።

አዘጋጅ ኮሚቴው የሰጠኝ ርእስ «የደሴ ከተማ የዕድገት ተስፋዎች» የሚል ነው። ስለ ተስፋዋ ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሜ አሳምረው ተናግረዋል፤ ስለዚህ እኔ ተስፋው ለምን እንደዘገየ እናገራለሁ። ዕድሜዬን በከተማ ፕላን ሥራ የጨረስሁ ጡረተኛ ነኝ። ጡረታ የሚያስገኘው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ የተሰጡትን ርእስ የመቀየር ድፍረት ግን ያስገኛል።

ደሴ ለምን አላደገችም ሲባል ሁላችንም ጣታችንን ወደ ጦሳ ተራራ እንቀስራለን። በዚህ ጦሳ፣ በዚያ አዝዋ ገደል፣ መሐሏን የቦርከና ወንዝ ሰንጥቋት፣ ቤት ቢሠሩባት መሬቱ ይንሸራተታል፣ መንገድ ቢያወጡባት ዳገት ነው። ይህን ያልሰማ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ለቅሶ ቤት ተቀምጠንም፣ ቡና ላይም የምንለው ይኸው ነው። ሹማምንቱም ሰበቡን ይወዱታል፤ ተራራ ተነሥቶ መልስ አይሰጥማ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይህን።

እስኪ ቁጥሩን እንየው። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የደሴ ሕዝብ 69 ሺህ ገደማ ነበር። ባሕር ዳር ወደ 55 ሺህ፣ አዋሳ ደግሞ 36 ሺህ ብቻ ነበራቸው። በ1987 ዓ.ም. ደሴ 97 ሺህ፣ ባሕር ዳር 96 ሺህ፤ ደርሳብናለች ማለት ነው። በ1999 ዓ.ም. ደሴ 120 ሺህ ስትሆን ባሕር ዳር 155 ሺህ፣ ያቺ ከደሴ በግማሽ ታንስ የነበረችው አዋሳ 157 ሺህ ገብተዋል። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም፤ ልዩነቱን ለማየት ግን ቆጣሪ አያስፈልግም፣ የአውቶቡስ ትኬት ይበቃል።

«ታዲያ አዋሳም ባሕር ዳርም ሜዳ ላይ ናቸው፣ ተራራውን ረሳኸው እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። አልረሳሁትም። ስለዚህ ጅማን ላንሣ። ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረች፣ ቡና በደጇ የሚያልፍባት፣ የአባ ጅፋር አገር፣ አውሮፕላን ማረፊያዋ እጇ ላይ ያለ፣ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ የበቀለባት ከተማ ናት። ጦሳ የላትም። አዝዋ ገደል የላትም። በ1976 ዓ.ም. ጅማ 61 ሺህ ሕዝብ ነበራት፤ በ1987 ዓ.ም. 89 ሺህ፤ በ1999 ዓ.ም. 121 ሺህ። ከደሴ አጠገብ አስቀምጡት። ሁለት ከተሞች፣ አንዷ ገደል ላይ፣ አንዷ መስክ ላይ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ኋላ ቀሩ። ተራራ ቢሆን ኖሮ ጅማን ማን ያዛት?

ሁለቱን የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነው። ሁለቱም የጠቅላይ ግዛት መናገሻ ነበሩ፤ በ1984 ዓ.ም. አገሪቱ በክልል ስትዋቀር ሁለቱም የዞን ከተማ ሆነው ቀሩ፤ ባሕር ዳርና አዋሳ ግን የክልል መናገሻ ሆኑ። ወሎ የሚባለው ትልቅ ግዛት በ1980 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለሁለት ሲከፈል የጀመረው ነገር ያኔ ተጠናቀቀ። ደሴ ንጉሥ ሚካኤል የአይጠየፍን አዳራሽ አንጸው ግብር ያበሉባት፣ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጦር መምሪያቸው ያደረጓት፣ ጣሊያንም ይህንኑ ስላወቀ በአውሮፕላን የደበደባት ከተማ ናት። ከራያ ጫፍ እስከ አፋር በረሃ ድረስ አቤት የሚል ሁሉ ይመጣ የነበረው ወደ እርሷ ነው። አቤት ባዩ ሲመጣ ያድራል፤ ሲያድር ይበላል፤ ሲመለስ ለልጆቹ ጨርቅ ይገዛል። ፒያሳ የቆመችው በዚህ ነው። ደብረ ማርቆስን ጠይቁ፣ ይርጋለምን ጠይቁ፤ መንበር ሲነሣ ገበያው ተከትሎ ይነሣል።

ጎንደርስ የሚለኝ አይጠፋም። ጎንደርም ዳገት ናት፣ የክልል መናገሻም አልሆነችም፤ ሆኖም ከ81 ሺህ ተነሥታ በዚያው ዘመን 207 ሺህ ደርሳለች። ጎንደር ግን ቤተ መንግሥቶቿን ለማየት ፈረንጅ ይመጣላታል፣ የጤና ትምህርት ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጥባታል፣ የመተማ መንገድ ሱዳን ያደርሳታል። መንበር ያጣ ከተማ እንዲህ ያለ ሌላ ምሰሶ ካለው ይቆማል። የእኛ ሌላው ምሰሶ መንገዱ ነበር፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

አሁን የመጣሁበትን ልንገራችሁ።

አንድ የደሴ ነጋዴ ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ዘመዶቻቸው እዚህ ተቀምጠዋል። ሰኞ ገበያ እህል ሲሸጡ ጀምረው፣ ኋላ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፍተው፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ሒሳብን በጭንቅላታቸው የሚሠሩ ሰው። ዱቄት ፋብሪካ ላቋቁም አሉ። የወሎን ስንዴ በጥሬው እየጫኑ አዲስ አበባ ወስደው፣ ዱቄቱን መልሰው ሲያመጡት ማየት አንገፈገፋቸው። በገራዶ በኩል ቦታ ታየላቸው። እኔ ቦታውን አውቀዋለሁ፤ ደልዳላ ነው፣ የሚንሸራተት ነገር የለውም።

ፋይላቸው ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ሄደ፤ ከዚያ ዞን ሄደ፤ ከዚያ «ይህ ከእኛ ሥልጣን በላይ ስለሆነ ከክልል መጽደቅ አለበት» የሚል ደብዳቤ ወጣ። ደብዳቤው በፖስታ ሄደ ተባለ፤ አልደረሰም። ስለዚህ ፋይሉን በላስቲክ ጠቅልለው ራሳቸው ወደ ክልሉ መናገሻ፣ ወደ ባሕር ዳር ይዘውት ሄዱ። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ሌሊት ተነሥቶ ወልድያ፣ ድልብን ሽቅብ፣ ጋሸና፣ ነፋስ መውጫ፣ ደብረ ታቦር፣ ወረታ። ከደሴ አዲስ አበባ ከሚወስደው መንገድ ይረዝማል። ስኳር ያለባቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ነፋስ መውጫ ላይ በዚያ ብርድ መድኃኒታቸውን ሲወጉ አብሯቸው የነበረው የልጅ ልጃቸው ነግሮኛል።

ደረሱ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግሥቱም ስብሰባ ላይ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ተገኙ፤ ደግ ሰው ነበሩ፣ ሻይ አዘዙላቸው፤ ነገር ግን ከዞን የመጣው ሸኚ ደብዳቤ ማኅተሙ ፊርማው ላይ አላረፈም፣ ጎን ላይ ነው ያረፈው፤ ስለዚህ ተመልሶ ይስተካከል። ማኅተሙ በሁለት ጣት ወርድ ስለዘነበለ ሰውዬው ያን ሁሉ ዳገት መልሰው ወጡት። ሁለተኛ ሄዱ። በዚያ መካከል ኃላፊው ተዛውረዋል፤ አዲሱ ኃላፊ ፋይሉን «ከመጀመሪያው ልየው» አሉ።

አንድ ነገር አስተውሉልኝ። ሽማግሌው በሄዱ ቁጥር አልጋ የያዙት ባሕር ዳር ነው። ምሳ የበሉት፣ ባጃጅ የተሳፈሩት፣ ፎቶ ኮፒ ያስነሡት፣ ማመልከቻ ያጻፉት ባሕር ዳር ነው። የደሴ ሰው ፈቃድ ለመጠየቅ በሄደ ቁጥር የደሴን ገንዘብ ባሕር ዳር አፍስሶ ይመለሳል። ይህን በሁሉም ነጋዴ፣ በሁሉም መምህር፣ ዝውውር በሚጠይቀው፣ ጡረታው በተጓተተበት፣ ለስልጠና በተጠራው ሁሉ አባዙት። ከዚያ ደግሞ የክልል ቢሮዎቹን ሠራተኞች ደመወዝ፣ የሚከራዩትን ቤት፣ ስብሰባ የሚቀመጡበትን ሆቴል ጨምሩበት። አንዱ ከተማ የሚያድገው፣ ሌላው የሚዘገየው በዚህ ነው። ምሥጢር የለውም።

ባሕር ዳርን አልቀናባትም፤ የባሕር ዳር ሕዝብም አልበደለንም። እንዲያውም ለባሕር ዳር መንግሥት አስቀድሞ አስቦላታል። በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የፖሊቴክኒክ ተቋሙ፣ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል በላይ በላይ ገቡላት። መናገሻ ስትሆን ዝግጁ ሆና ቆየች። እኔ የምጠይቀው ለደሴም የሚያስብ ይኑር ነው። ፊርማ እኮ ክብደት የለውም! የሐረጎን ዳገት ለመውጣት ከባድ መኪና አይፈልግም!

ዱቄት ፋብሪካው ምን ሆነ? ተቋቁሟል። ማሽኑ ዛሬም ይፈጫል። የሚፈጨው ግን እዚህ፣ አዲስ አበባ ዳር ነው። ሽማግሌው ሱቃቸውን ሸጠው ወደ ልጆቻቸው መጡ፤ ስንዴውም እንደ ድሮው ከወሎ ተጭኖ ይከተላቸዋል።

እስካሁን ያጨበጨባችሁት መንግሥትን ስለወቀስሁ ነው። አሁን ደግሞ ወደ እኛ ልምጣ፤ ጭብጨባው ቢቀንስም ግድ የለኝም።

መንበሩ ሲነሣ ተከትለን የተነሣነው እኛ ነን። መርካቶ ውስጥ ስንት የደሴ ልጅ ሱቅ አለው? አያት፣ ሲ.ኤም.ሲ.፣ ገርጂ ስንት ፎቅ አቁመናል? ፎቅ ማቆማችን ነውር አይደለም፤ ሠርተን ያገኘነው ነው። ግን በዚያው ልክ ደሴ ላይ ምን አቆምን? ሳላይሽና ሆጤ ሄዳችሁ እዩ፤ የአባቶቻችን ቤት ቆርቆሮው ዝጎ፣ ግቢው በአደራ ተይዞ፣ ወንድማማች በውርስ ተካስሶ ተዘግቶ ተቀምጧል። ለአሥር ዓመት ያልተከፈተ በር ፒያሳ አፍንጫ ሥር አለ። ያ ግቢ ሱቅ ቢሆን፣ ክሊኒክ ቢሆን፣ ማን ከለከለን? ይህንንም ባሕር ዳር ነው የከለከለን? ወይስ ጦሳ ነው?

እኛ ደሴን የምንወዳት በትዝታና በአምባሰል ነው። ዘፈኑ ሲመጣ እናለቅሳለን፣ ሽልማት እንለጥፋለን፣ ሲነጋ ገንዘባችንን ሌላ ከተማ ላይ እናፈሳለን። ባንኮቻችንም ከእኛ የተለዩ አይደሉም። የደሴ ቅርንጫፍ ከደሴ ሰው ቁጠባ ሰብስቦ ብድሩ የሚወሰነው እዚህ ነው፤ እዚህ የሚወስን ሰው ደግሞ መያዣ የሚያምነው መስኮቱን ሲከፍት የሚያየውን ሕንፃ ነው።

መንገዱን ላንሣ ብዬ ነበር። ደሴ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚያልፈው ሁሉ የሚያድርባት ነበረች። የአሰብ መንገድ ደግሞ ከኮምቦልቻ ተገንጥሎ በባቲ ወደ ሚሌ ይወርዳል፤ ስለዚህ ፋብሪካውም፣ አውሮፕላን ማረፊያውም፣ ደረቅ ወደቡም፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም፣ ከአዋሽ የመጣው የባቡር ሐዲድም ሁሉም ኮምቦልቻ አረፈ። ይህ ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን እዚያው ነበር የማሳርፈው። ጥፋቱ በሐረጎ ዳገት የተለያዩትን፣ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ የማይራራቁትን ሁለት ከተሞች እንደ ባላንጣ መያዛችን ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ኮምቦልቻ ወደ 59 ሺህ ሕዝብ ነበራት። ከደሴ ጋር ደምሩት፤ ከባሕር ዳርም ከአዋሳም ይበልጣል። አንድ የጋራ ፕላን፣ አንድ የጋራ ትራንስፖርት፣ ታች ሠርቶ ላይ የሚያድር ሠራተኛ ቢኖር ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላ ከተማ ነበር። ዩኒቨርሲቲያችን እንኳ ሁለቱም ጋ ግቢ አለው፤ ማዘጋጃ ቤቶቹ ግን ፕላናቸውን የሚሠሩት ለየብቻ ነው።

ስለ ጦርነቱ ብዙ አልልም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ምን እንደደረሰብን፣ ሆስፒታሉ እንዴት እንደተራቆተ፣ ዩኒቨርሲቲውና የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች እንዴት እንደተዘረፉ ከእኔ የበለጠ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ያን ጊዜ ያዋጣችሁት ገንዘብና መድኃኒት እንዴት ፈጥኖ እንደደረሰም አይቻለሁ። ስለ ውኃ፣ ስለ ሰነድ አልባ ይዞታና ስለ መሬት መንሸራተት ያዘጋጀሁት ነበረ፤ ሰዓት ስለገፋ ጽሑፉን ለጸሐፊው እሰጣለሁ።

የቀረኝ የዛሬው አጀንዳ ተራ ቁጥር ሦስት ነው። ኮሚቴው ዘንድሮ በተዋጣው ገንዘብ ደሴ መግቢያ ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል የእብነ በረድ ቅስት እንዲሠራ ሐሳብ አቅርቧል። ንድፉን አይቸዋለሁ፤ ያምራል። እኔ ግን ድምፄን የምሰጠው በተቃውሞ ነው። ገንዘቡ ለሁለት ነገር ይዋል እላለሁ። አንደኛ፣ የትኞቹ የክልል ፊርማዎች ደሴ ላይ ሊፈረሙ እንደሚችሉ በሕግ ባለሙያ ተጠንቶ፣ በዚህ አዳራሽ ያለ ሰው ሁሉ ፈርሞበት ለክልሉ ምክር ቤት ይቅረብ። ሁለተኛ፣ ደሴ ላይ የተዘጋ የቤተሰብ ግቢ ያለን ሰዎች ስማችንን ዛሬ እናስመዝግብ፤ ወራሽ ከወራሽ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ማኅበሩ ይሰይም፣ የሚከፍቱትም የአክሲዮን ማኅበር ያቋቁሙ። የእኔ የአባቴ ግቢ ሸዋ በር ነው ያለው፤ እኛ ወንድማማቾቹ አራት ወራሾች ነን፣ ሦስቱ እዚህ አሉ፣ አንደኛው ስልክ ያነሣል። መዝገቡ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የእኛ ስም አንደኛ ተራ ላይ ሰፍሯል።

ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ።