መስመሩ የሚቋረጠው መቼ ነው?

(ምስል፦ ቴሌቪዥን አጠገብ የተደረደሩ ሦስት ሞደሞች)

እነዚህን ሦስት ሞደሞች እዩአቸው። ሦስቱም ደህና ናቸው። ባለቤታቸው ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ የሚኖሩ የቡና ነጋዴ ናቸው። ኢንተርኔታቸው በተቆራረጠ ቁጥር አንድ አንድ እየገዙ ነው ሦስት የደረሱት። እኔ ስሄድ አራተኛውን እንድመርጥላቸው ነበር የፈለጉት።

«ልጄ፣ ጥሩውን ብቻ ንገረኝ።»

«እሺ ሀጂ፣ መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የሚቋረጠው መቼ ነው?»

«መግሪብ ሰግጄ ስመለስ ነዋ! ሁሌ!»

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚች ጥያቄ ነው። ጨርሶ የሞተ መስመር ለኛ ለቴክኒሻኖች ቀላል ነው። ለክቶ የተበጠሰበትን ማግኘት ነው። አናት የሚያዞረው ሄድ መለስ የሚለው ነው። እኛ ስንደርስ ቀጥ ብሎ ይሠራል፤ መሰላላችንን ጭነን ጥግ ሳንዞር ይጠፋል። ስለዚህ የት እንደተበላሸ ከመፈለጌ በፊት መቼ እንደሚበላሽ እጠይቃለሁ።

(ምስል፦ የተጠማዘዘ የስልክ ሽቦ በቅርበት)

እስቲ መጀመሪያ ሽቦው ውስጥ ያለውን እንይ። የስልክ መስመር ሁለት የተጠማዘዙ ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ነው። ድምፃችን ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ያለችውን ጠባብ ቦታ ይዟል። ኢንተርኔቱ ከዚያ በላይ ይሄዳል፤ ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ የሚባለው የስልክ ሽቦ ኢንተርኔት እስከ 2.2 ሜጋኸርዝ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ቦታ በ512 ቀጫጭን መንገዶች የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ መንገድ 4.3 ኪሎኸርዝ ገደማ ይሆናል። ሞደሙ ሲነሳ ከወዲያኛው ጫፍ ካለው ማሽን ጋር በየመንገዱ ይደራደራል። ይሄኛው ንጹህ ነው፣ ብዙ ጫንበት። ያኛው ጫጫታ አለው፣ ተወው። እንደዚያ እያሉ ይስማማሉ።

ሲስማሙ ታዲያ ትንሽ መጠባበቂያ ይተዋሉ፤ ብዙውን ጊዜ 6 ዴሲቤል። ኖይዝ ማርጂን የምንለው ይህን ነው። በኋላ አዲስ ጫጫታ ሲመጣ የሚበላው ከዚህ መጠባበቂያ ነው። እሱ ሲያልቅ ስህተት ይበዛል። ስህተቱ ለተከታታይ ሰከንዶች ከቀጠለ ሞደሙ መስመሩን ይለቅና ድርድሩን እንደገና ከ«ሀ» ይጀምራል። መስመሩ መያያዙን የምታሳየው የዲኤስኤሏ መብራት ብልጭ ድርግም የምትለው ያኔ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር እንለይ። መብራቶቹ በሙሉ ጠፍተው ከተነሱ የስልክ መስመሩን አትውቀሱ። ያ ሞደሙ ራሱ ጠፍቶ መነሳቱ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ምጣድ በተሰካ ቁጥር ኢንተርኔት ይጠፋ ነበር። ምጣዱም ሞደሙም አንድ ዲቫይደር ላይ ናቸው፤ ምጣዱ ሲሰካ ኃይሉ ወርዶ ሞደሙ ሪስታርት ያደርጋል። ሞደሙን ወደ ሌላ ሶኬት አዛወርኩት፣ አለቀ። ከዲኤስኤሏ በቀር ሌሎቹ መብራቶች እንዳሉ ከሆኑ ግን ጉዳዩ የመስመር ነው። እርግጠኛ ለመሆን የሞደሙን ገጽ ክፈቱ፤ ብዙዎቹ ላይ 192.168.1.1 ነው። ሞደሙ ከበራ ስንት ሰዓት እንደሆነው ታያላችሁ። በብዙዎቹ ላይ መስመሩ ከተያያዘ ስንት ሰዓት እንደሆነውም ለብቻው አለ። ሁለቱ ከተራራቁ መስመሩ ነው።

እዚያው ገጽ ላይ ማርጂኑን አንብቡ። ግን አንዴ አንብባችሁ አትፍረዱ። ቀትር ላይ 9 የሆነ መስመር ማታ 2 ሊሆን ይችላል። እኔ የቤቱን ልጆች ነው የማሠራው። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ስክሪኑን ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንመለስ።

ስልክ ሲጠራ የሚቋረጥ ከሆነ ስፕሊተሩን፣ ማለትም ድምፁንና ኢንተርኔቱን የሚለየውን ትንሽ ሣጥን፣ እዩ። ወይ የለም፣ ወይ ሁለተኛው ስልክ ያለ ስፕሊተር መኝታ ቤት ተሰክቷል።

ስልክ አንስታችሁ ስታወሩ የሚሻለውስ? ይሄ ብዙ ሰው አያምነኝም፤ ግን አለ። መገጣጠሚያ ላይ ያለ ሽቦ ሲዝግ ግንኙነቱ ይደክማል። ስልኩ ሲነሳ በመስመሩ ላይ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ያንን ዝገት ለጊዜው ይሰብረዋል። ስልኩ ሲዘጋ በሽታው ይመለሳል። ስልኩ ድምፅ አልባ ሆኖ ኢንተርኔቱ እየተንገዳገደ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ ተበጥሶ ይሆናል። አዎ፣ ዲኤስኤል በአንድ እግሩም ያነክሳል።

በሥራ ሰዓት ብቻ እየተቋረጠ እሁድ ሰላም የሚሆን መስመር ካለ ጎረቤት ውስጥ ማሽን ፈልጉ። ጅማ ውስጥ ደግሞ በርጩማና ወንበር የሚሠራ ቤት አይጠፋም። የመላጊያና የድሪል ሞተር ሲፈነጥቅ፣ ብየዳም ሲሠራ፣ ጫጫታው ሽቦው ላይ ይሳፈራል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አሮጌ ባትሪ ድንጋይ ራዲዮ ይበቃል። ሚዲየም ዌቭ ላይ አድርጉት፤ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አቁሙና በእጃችሁ ይዛችሁ ተራመዱ። ጩኸቱ እየበረታ ወደሄደበት ሂዱ። አንድ ቀን እንዲህ ብዬ የደረስኩት የዚያው ቤት ሳሎን ውስጥ ካለ ርካሽ የስልክ ቻርጀር ላይ ነው።

ሚዲየም ዌቭ ራሱም በፍሪኩዌንሲ እዚያው ሽቦ ላይ ከሚሄደው ኢንተርኔት ጋር አንድ ሰፈር ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ የሩቅ ጣቢያዎች በርትተው ይሰማሉ። ስለዚህ ማታ ማታ ማርጂን ትንሽ መውረዱ የተለመደ ነው። ሀጂ «መግሪብ» ሲሉኝ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ይህን ነበር። ግን ልጃቸውን ለብቻው ጠየቅኩት፦ «ዝናብ ያልዘነበ ቀንስ?»

ትንሽ አሰበ። «አይ፣ ያን ቀንማ ደህና ነው።»

(ምስል፦ መሰላል፣ የቤት ጣሪያ ጠርዝ)

ጅማ እንደምታውቋት ዝናቧ ክረምትን ብቻ አይጠብቅም፤ ከመጋቢት ጀምሮ ትፈታዋለች። ከስልክ እንጨቱ ወደ ቤቱ የሚመጣውን ሽቦ በዓይኔ ተከተልኩት። የቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ቋጠሮ አለ። በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በናስትሮ ተጠምጥሞ፣ ልክ እንደ ታሰረ ቁስል። የሠራው ሰው ዝናብ እንዳይገባ ብሎ ነው። ፌስታል ግን ውሃ ከማስገባት አይመለስም፤ ማስወጣት ላይ ነው የሚሰስተው።

ቀኑ ፀሐይ ነበር፣ ማርጂኑም 9። እንዲህ ሆኖ ብፈታው ማስረጃ የለኝም። ስለዚህ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይዤ ወጣሁና ቋጠሮው ላይ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩ። ልጁ ከውስጥ ቁጥሩን ይጮህልኛል።

«ዘጠኝ... ዘጠኝ... ሰባት... አራት... ጠፋ!»

ሀጂ በሩ ላይ ቆመው ሳቁ። «ውሃ ነው እንዴ ሦስት ሞደም ያስገዛኝ!»

መስመሩን ከዲፒው፣ ማለትም መስመሩ ለየቤቱ ከሚከፋፈልበት ሣጥን፣ ላይ ነጠልኩና በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለውን ሬዚስታንስ ለካሁ። በሜጋኦም መቆጠር ያለበት ወደ 40 ኪሎኦም ወርዷል። ፌስታሉን በካቻቪቴ ስተረትረው ውሃው ጠብ ጠብ አለ፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ጨዋታው ይኸው ነበር። ከሰዓት ይዘንባል፣ ውሃው ሰርጎ ወደ ማታ ይደርሳል። በነጋታው ቆርቆሮው ሲግል ቋጠሮው ይደርቃል። ቴክኒሻን ደግሞ የሚመጣው ቀን፣ ዝናብ ሲያባራ ነው። እኔም ብሆን በዝናብና በመብረቅ መሰላል አልወጣም፤ እናንተም እንዳትሞክሩት።

ሽቦውን መልሼ አልቀጠልኩትም። ከዲፒው እስከ ሶኬቱ መገጣጠሚያ የሌለው አንድ ወጥ ሽቦ ዘረጋሁ። ዲፒው ላይ የነበረውን አሮጌ ማያያዣ ጄል በተሞላ ኮኔክተር ቀየርኩ። ሽቦው ግድግዳውን ከመብሳቱ በፊት ደግሞ ወደ ታች ሆድ ሠራሁለት፤ ውሃው ሽቦውን ተከትሎ ቤት እንዳይገባ እዚያች ሆድ ላይ ይንጠባጠባል።

ሥራው ያኔ አላለቀም። በደረቅ ቀን የሠራ መስመር ምንም አያረጋግጥም። ዝናቡን ጠበቅኩ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወረደ፤ መንገድ እንኳ አላሳየንም። ከመግሪብ በኋላ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ልጁ ነው።

«ስንት ይላል?»

«አሥራ አንድ። አባቴ ግን እነዚህን ሞደሞች የሚገዛ ሰው ታውቃለህ ወይ ይልሃል።»