ሰርቨሩ «ቆይ» ሲል

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሳው ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከድረ ገጾች መረጃ የሚሰበስብ ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ የሚገጥመውን ነገር ነው፤ ስክሪፕቱ፣ ማለትም የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም፣ በደንብ ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ገጾቹን የሚያቀብለው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ያግደዋል። እንዲህ ሲሆን ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣልን ሐሳብ መደበቅ ነው፤ ጥያቄን በሌላ አድራሻ የሚያሳልፍ ፕሮክሲ መግዛት፣ አድራሻ መቀያየር፣ ክሮም ብራውዘር ነኝ ብሎ መቅረብ። እኔ ግን በዚህ ሥራ በቆየሁ ቁጥር፣ አብዛኛው እገዳ የሚመጣው ሰርቨሩ አስቀድሞ የነገረንን ባለማንበባችን መሆኑን እያመንኩ መጥቻለሁ።

ኖሚናቲም የሚባለውን፣ ኦፕንስትሪትማፕ የተባለውን ነጻ ካርታ አገልግሎት እንውሰድ። የቦታ ስም ሲሰጡት ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን ይመልሳል። ለሁሉም ክፍት የሆነው ሰርቨር በልገሳ በሚገኝ አቅም የሚንቀሳቀስ ስለሆነ፣ ደንቡ በሰከንድ ቢበዛ 1 ጥያቄ ብቻ ይፈቅዳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው በስሌት ነው፤ በየጥያቄው መካከል ታይም ስሊፕ የተባለ የ1 ሰከንድ የመጠበቂያ ትእዛዝ ያስገባና ሥራው እንዲፋጠን ጎን ለጎን የሚሠሩ 10 ትሬዶች ይከፍታል። እያንዳንዱ ትሬድ የሚጠብቀው ለየብቻው በመሆኑ ግን ሰርቨሩ ዘንድ በሰከንድ እስከ 10 ጥያቄ ሊደርስ ይችላል። ገደቡ የሚሰላው በድምሩ ላይ ነው።

ፍጥነት ከመቀነስ በፊት ደግሞ ጥያቄውን ራሱን መቀነስ ይቻላል። የአዲስ አበባ ደንበኞችን ዝርዝር ካርታ ላይ ለማስፈር የሚሞክር ሰው፣ «መገናኛ» የሚለው ስም በዝርዝሩ ውስጥ መቶ ጊዜ ቢደጋገምም፣ መጠየቅ ያለበት አንድ ጊዜ ነው። መልሱን ኤስኪውላይት በተባለ ትንሽ የመረጃ ቋት ፋይል ቢያስቀምጠው፣ ስክሪፕቱ መንገድ ላይ ተቋርጦ እንደገና ሲነሳ እንኳ ከዜሮ አይጀምርም።

ቀጥሎ የማንነት ጉዳይ አለ። ድረ ገጾችን የሚጠይቅልን ሪኩዌስትስ የተባለው የፓይተን ላይብረሪ ሌላ ካልነገርነው በቀር ከጥያቄው ጋር በሚሄደው መታወቂያ፣ በዩዘር ኤጀንቱ ላይ፣ የራሱን ስምና የቨርዥን ቁጥር ብቻ ይልካል። ይህ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ካለ በኋላ «ማነው?» ሲባል ዝም እንደሚል ሰው ነው። ውክፔዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ በደንቡ የፕሮግራሙን ስምና ባለቤቱ የሚገኝበትን አድራሻ እንድንጽፍ የሚጠይቀው፣ ችግር ሲፈጠር ከማገድ በፊት የሚያነጋግረው ሰው እንዲኖረው ነው።

አሁን ወደ 429 ልምጣ። ይህ የሰርቨር የምላሽ ኮድ እ.ኤ.አ. በ2012 ደረጃው የተጻፈለት ሲሆን፣ ጥያቄ እንዳበዛን ይነግረናል፤ ብዙ ጊዜም ሪትራይ አፍተር በተባለ ሄደር፣ ማለትም ከምላሹ ጋር በሚመጣ አጭር መረጃ፣ መቼ እንደምንመለስ ያሳውቀናል። ልብ በሉ፣ በዚህ ሄደር ውስጥ የሚመጣው እንደ 30 ያለ የሰከንድ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ሙሉ ቀንና ሰዓትም ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ ቁጥር ነው ብሎ ኢንት በተባለው ትእዛዝ የሚለውጥ ኮድ ቀን ሲመጣለት ይሰበራል። ሄደሩ ከሌለ 1፣ 2፣ 4፣ 8 ሰከንድ እያሉ ጥበቃውን በእጥፍ ማሳደግና በላዩ ጥቂት የዘፈቀደ ሰከንድ መጨመር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ አብረው የታገዱ ብዙ ስክሪፕቶች አብረው ይመለሱና ሰርቨሩን እንደገና ያጨናንቁታል። ይህን ሁሉ በእጅ መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ዩአርኤልሊብ3 በተባለው ላይብረሪ ውስጥ ያለው ሪትራይ የተባለው ዝግጁ ኮድ፣ ክላስ፣ አብዛኛውን ይሠራል፣ ሪትራይ አፍተርንም በራሱ ያከብራል።

«አልተፈቀደም» የሚለው የምላሽ ኮድ 403 ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ ደጋግሞ መሞከር ትርጉም የለውም፤ አቁሞ ለባለቤቱ መጻፍ ይሻላል። በነገራችን ላይ በሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ተጠቃሚዎች አንድ የውጭ አድራሻ ሊጋሩ ስለሚችሉ፣ በአንዱ ስክሪፕት ምክንያት የሚመጣ እገዳ ምንም ለማያውቁ ጎረቤቶቹም ይተርፋል።

ለአማርኛ ቋንቋ ሥራ ጽሑፍ የምትሰበስቡ ካላችሁ ደግሞ፣ የአማርኛ ውክፔዲያ ጽሑፍ በሙሉ ተጠቃሎ ዊኪሚዲያ ለማውረድ በሚያዘጋጀው ፋይል ይገኛል። አንዴ አውርዶ በራስ ኮምፒውተር ላይ እንደ ልብ ማንበብ እየተቻለ፣ ሰው ለምን ገጽ በገጽ እንደሚጠይቅ ለእኔ አይገባኝም። ፋይሉ የታመቀ ኤክስኤምኤል ስለሆነ አከፋፈቱ የራሱ ዘዴ አለው፤ በሚቀጥለው ክፍል እመጣበታለሁ። እስከዚያው ደህና ሁኑ።