ለሞተርሆም የሚሆን የናፍጣ ሞተር እንዴት ይመረጣል?

[ምስል፦ የተራራ ዳገት በዝግታ የሚወጣ ነጭ ሞተርሆም]

ሞተርሆም፣ ማለትም መኝታና ማድቤት ይዞ የሚጓዝ መኪና፣ ለሞተር ክፉ አሳዳሪ ነው። አውሮፓ ውስጥ አብዛኛው እስከ 3,500 ኪሎ ግራም ጠቅላላ ክብደት የተፈቀደለት ሲሆን፣ እንደ ጭነት መኪና ዕቃውን አራግፎ ቀሎ የሚመለስበት ጊዜ የለውም፤ የብርዱ ወራት ሲመጣ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሳይነሣ ይቆማል። ስለዚህ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ሞተሩ ይህን ጭነትና ይህን መቆም እንዴት ይችለዋል የሚለው ነው።

የአውሮፓ ሞተርሆሞች በብዛት የሚሠሩት በፊያት ዱካቶ ላይ በመሆኑ ምሳሌያችንም እሱው ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2006 ከወጣው ዱካቶ ሞተሮች መካከል ገዢን የሚያመነቱት ባለ 2.3 ሊትሩና ባለ 3.0 ሊትሩ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባለ 2.3ቱ በደቂቃ 2,000 ዙር ላይ 320 ኒውተን ሜትር ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ጉልበት፣ ሲሰጥ፣ ባለ 3.0ው በ1,700 ዙር 400 ይሰጥ ነበር። ዳገት ላይ ማርሽ ሳያስቀንስ የሚያወጣው ይህ በዝቅተኛ ዙር የሚገኝ ቶርክ ነው። ተጎታች ለሚስብ ወይም ከ3,500 ኪሎ በላይ ለሚጭን ሰው ባለ 3.0ው ተገቢ ነው፤ ለሌላው ግን ባለ 2.3ቱ ይበቃል ባይ ነኝ።

[ምስል፦ የመኪናው ሰፊና ከፍ ያለ ፊት]

የነዳጅን ነገር በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ይልቅ የአሽከርካሪው እግር ይወስናል። የአየር ግፊት ከፍጥነት ጋር በካሬ ስለሚያድግ፣ በሰዓት ከ90 ወደ 110 ኪሎ ሜትር መጨመር ግፊቱን በግማሽ ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ይህን የሚያካክስ ቆጣቢ ሞተር የለም።

[ምስል፦ ክዳኑ የተነሣ ሞተር፣ ታይሚንግ ቤልት]

ባለ 2.3ቱ ታይሚንጉን፣ ማለትም ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተናበው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ የሚያደርገውን ክፍል፣ የሚያዞረው በቤልት ሲሆን ባለ 3.0ው በሰንሰለት ነው። ቤልት ጎማ በመሆኑ መኪናው ቢቆምም ያረጃል፤ ከተበጠሰ ደግሞ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጩና ሞተሩ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል። በ12 ዓመት 40,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ መኪና ሲቀርብልን «ገና አዲስ ነው» መባሉ አያታልለን፤ ቤልቱ የተቀየረበትን ደረሰኝ መጠየቅ ይገባል። ሰንሰለቱም ቢሆን ዘይት በጊዜው ካልተቀየረለት ይረዝማል።

በአዳዲሶቹ ሞተሮች ላይ ትልቁ ጉዳይ የጭስ ማጣሪያው ነው። ማጣሪያው የያዘውን ጥላሸት የሚያቃጥለው 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ስለሆነ፣ መኪናው ከቆመበት ተነሥቶ ሱቅ ደርሶ የሚመለስ ብቻ ከሆነ ይደፈናል። ማቃጠሉ በተደጋጋሚ ሲቋረጥም ለዚሁ የተረጨው ናፍጣ ወደ ሞተር ዘይት ይወርዳል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ሲወጣ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በላይ ከሆነና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ የመኪናው ያለፈ አያያዝ በዚያው ታወቀ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ጣጣ ሽሽት ወደ ቀድሞው ባለ 2.8 ሊትር ሞተር የሚመለሱ አሉ። ጠንካራነቱ አያከራክርም፤ ነገር ግን ለንደን ውስጥ ዩሮ 6 የተባለውን የአውሮፓ የጭስ ልቀት ደረጃ ለማያሟላ የናፍጣ መኪና በየቀኑ ይከፈላል፣ በጀርመን ከተሞችም የጭሱን ንጽህና የሚያሳይ አረንጓዴ ምልክት የሌለው መኪና ወደ ተከለሉት ቀጠናዎች አይገባም። ከተማ ለመግባት የማያስብ ገዢ ቢወስደው አልቃወምም።

[ምስል፦ እጅ የሞተሩን ክዳን ሲዳስስ]

መኪናውን ለማየት ስንሄድ፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ቀዝቃዛ መሆኑን ለማወቅ ክዳኑን በእጅ መዳሰስ አይረሳ። የናፍጣ ሞተር ሕመሙን የሚያሳየው በብርድ ሲነሣ ነው፦ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ቶሎ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ውሃ መኖሩን ይጠቁማል። ሻጩ «እንዳትቸገሩ ብዬ አሙቄ ጠበቅኋችሁ» ካለ፣ አመስግኖ ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት በሌላ ቀን ጠዋት መመለስ ይሻላል።