«ዩላርቡን ታውቃለህ?»

እንደምን ሰነበታችሁ፤ ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ አሮጌ አኮርዲዮን ተቀምጧል። ባለፈው ዓመት እዚሁ ስዊድን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁት ነው። ሻጩ ሽማግሌ ገንዘቡን እየቆጠረ «ዩላርቡን ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። «የለም፣ ሄጄ አላውቅም» አልኩት። ሳቀብኝ።

ግን ያን ያህልም አልተሳሳትኩም። ዩላርቡ ዳላርና በተባለው የስዊድን ክፍለ ሀገር፣ ከአቬስታ ከተማ አጠገብ ያለ መንደር ነው። ሽማግሌው የጠየቀኝ ግን በመንደሩ ስም ስለሚጠራው አኮርዲዮን ተጫዋች ነበር። ካርል ካርልሶን እዚያ በ1893 (ሁሉንም ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምናገረው) ተወለደ። አገሩ በካርልሶን የተሞላ ነውና የመንደሩን ስም ተጠራበት፤ ሕዝቡም ካሌ ዩላርቡ አለው። ወገኖቹ ተጓዦች የሚባሉት፣ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ የሚኖሩና ሰፈሩ ሁሉ በጥርጣሬ የሚያያቸው ሕዝቦች ነበሩ።

የተናቀ ሰው፣ የተናቀ መሣሪያ። በዚያ ዘመን አኮርዲዮን ከፋብሪካ የወጣ፣ ቫዮሊኑን ከየሠርጉ ያባረረ ጯሂ ዕቃ ተደርጎ ይታይ ነበር። ሁጎ አልቬን የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ አኮርዲዮን ባገኛችሁበት ሰባብራችሁ ወደ አሳማ ጋጣ ጣሉት እስከ ማለት ደርሷል። የገበሬውን ዜማ ወስዶ ለኦርኬስትራ የጻፈውም እሱው ነው! ዜማው ይወደዳል፤ ተጫዋቹ ግን በር ላይ ይቁም። አዝማሪ የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ሲወረወር እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም።

ዩላርቡ ለዚህ ክርክር መልስ ሲሰጥ አልሰማሁም፤ ሸክላ ነው ያስቀዳው። በ1913 ጀመረ፤ በ1966 እስኪሞት ድረስ ከ1,500 በላይ የተቀዱ ዜማዎች ትቷል። ከእነሱ ውስጥ በ1915 የተቀዳው ቫልስ (በሦስት ምት የሚሄድ የዳንስ ዜማ) ስሙ «ሕይወት በፊንስኩጋርና» ነው። ፊንስኩጋርና ማለት በ1600ዎቹ ፊንላንዳውያን መጥተው ደን እያቃጠሉ እህል የዘሩበት፣ በስዊድንና በኖርዌይ ድንበር ያለ ጫካ ነው። ያ ዜማ ውቅያኖስ ተሻግሮ እንግሊዝኛ ግጥም ተገጠመለትና በ1951 በአሜሪካውያኑ ሙዚቀኞች በፓቲ ፔጅ እንዲሁም በሌስ ፖልና ሜሪ ፎርድ አሜሪካን አዳረሰ። ስለ ጫካው አንድም ቃል አልተረፈም።

እኔን ግን ከዝናው ይልቅ ክንዱ ያስገርመኛል። ይህ የእኔው አኮርዲዮን ሁለት ረድፍ ቁልፎች አሉት። አንዱን ቁልፍ ተጭኜ ወናፉን ስዘረጋው አንድ ድምፅ፣ ጣቴን ሳላነሣ ስሰበስበው ሌላ ድምፅ። መጀመሪያ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ነበር። ለካ በየቁልፉ ሥር አየር ሲገባና ሲወጣ የሚርገበገቡት የብረት ምላሶች ለየቅል ናቸው። ስለዚህ ጣት ትክክል ቢሆንም ክንድ ከዘገየ ዜማው ይሞታል። ዩላርቡ በልጅነቱ የጀመረው እንዲህ ባለው ነው፤ ኋላ ብዙ ረድፍ ወዳለው፣ ሲዘረጋም ሲሰበሰብም አንድ ድምፅ ወደሚሰጠው ተሻገረ። ሸክላዎቹን ሳዳምጥ ያ የልጅነት ክንድ አሁንም ይሰማኛል፤ ዜማው ይፈነጥዛል፣ ግን አይጣደፍም። ምናልባት እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ የሚሰማኝ።

ቫልሱን ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ባለፈው እሑድ የመጀመሪያውን ሐረግ ሳልሳሳት ጨረስኩት። ቀጣዩ ላይ መዘርጋት ሲገባኝ ሰበሰብኩ።